ዶት ኢትዮጵያ ከመምጣቱ በፊት ሕጉ ይጻፍልን

ይድረስ ለኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን፣ ለኢትዮ ቴሌኮም፣ ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር፣ እንዲሁም ጉዳዩ ይመለከተኛል ለሚል ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ። ወደ ገደለው ልግባ።

ድረ ገጽ እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ለነጋዴ፣ ለማኅበር፣ ለትምህርት ቤት እሠራለሁ። የዶሜይን ስም፣ ማለትም የድረ ገጽ መጠሪያ አድራሻ፣ ለእኔ የዕለት ሥራ ነው፤ ስለዚህ የምጽፍላችሁ ከሩቅ ሆኜ አይደለም።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሀገራችን ስም በራሳችን ፊደል ተጽፎ በኢንተርኔት የሥር መዝገብ (እንደ ዶት ኮም ያሉት የአድራሻ መጨረሻዎች ሁሉ በተዘረዘሩበት ዋና መዝገብ) ውስጥ እንዲገባ፣ ማለትም "ዶት ኢትዮጵያ" እንዲኖረን፣ ነገሩ የት እንደደረሰ በግልጽ ንገሩንና እስከ መጨረሻው ግፉበት። ሁለተኛው ለእኔ ከመጀመሪያው ይበልጣል። አንድ ስም እንኳን ለሰው ከመሰጠቱ በፊት መተዳደሪያ ደንቡን ጻፉ፣ ረቂቁን ለሕዝብ አውጡ፣ አስተያየት ተቀበሉ፣ ከዚያ አጽድቁት። ስሞቹ ከተያዙ በኋላ ሕግ እናውጣ ቢባል፣ ያኔ እያንዳንዱ አንቀጽ ከአንድ ሰው እጅ ላይ የሆነ ነገር የሚቀማ ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የዘርፉ ሰነዶች እንደዚያ ስለሆኑ።

ዛሬ ያለን የሀገር መለያ፣ ዶት ኢቲ (.et)፣ የተሰጠን በ1995 ነው። ሁለቱ ሆሄያት ከዓለም አቀፉ የሀገራት ኮድ ዝርዝር የተወሰዱ ናቸው፤ ማንም ቁጭ ብሎ መርጦ ያወጣቸው አይደሉም። በዓለም አቀፉ መዝገብ ላይ አስተዳዳሪ ተብሎ የተጻፈው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ከሥሩ ዶት ኮም ዶት ኢቲ፣ ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ፣ ዶት ኢዱ ዶት ኢቲ እና ሌሎችም አሉ። ያኔ የዶሜይን ስም የሚጻፈው በላቲን ብቻ ነበር። ከኤ እስከ ዜድ፣ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ፣ እና ሰረዝ። በቃ።

በ2003 ሌሎች ፊደላትን ማስገቢያ መንገድ ተገኘ። በኅዳር 2009 የዓለምን የዶሜይን ስሞች የሚያስተባብረው አይካን፣ ሀገራት ስማቸውን በራሳቸው ፊደል እንዲጠይቁ በሩን ከፈተ። ግንቦት 5 ቀን 2010 የግብፅ፣ የሳዑዲ ዓረቢያና የኤምሬቶች ስም በዓረብኛ ፊደል ገባ። ከቀናት በኋላ ሩሲያ በሲሪሊክ ተከተለች። ከዚያ ሌሎቹ ጎረፉ።

እኛስ? ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚያውቁበት የጋራ ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። በ2017 ደግሞ የኢትዮጵያ ፊደል በሥር መዝገቡ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ የሚወስነው ደንብ፣ ባለሙያዎች ከመከሩበት በኋላ፣ ከጆርጂያ፣ ከክመር፣ ከላኦና ከታይ ፊደላት ጋር በአንድ ላይ ጸድቋል። ጆርጂያ፣ ላኦስና ታይላንድ ዛሬ በፊደላቸው የተጻፈ የሀገር ስም አላቸው። በእኛ ፊደል የተጻፈ ግን በሥር መዝገቡ ላይ አንድም የለም። ማመልከቻ ገብቶ ከሆነ መቼ እንደገባና ምን እንደጎደለው ንገሩን። ካልገባ ለምን? በሩ ከተከፈተ ቆይቷል። በ2022 መጨረሻ የዓለም የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል። እንግዳ ተቀብለን ስለ ዓለም ኢንተርኔት አስተዳደር ያወራን ሰዎች፣ የራሳችንን ስም ጉዳይ ማስተካከል አያቅተንም።

አሠራሩን ለማያውቀው አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። አንድ ሰው ብራውዘሩ ላይ በአማርኛ ስም ሲጽፍ፣ ኮምፒውተሩ ያንን ስም ፑኒኮድ በሚባል ዘዴ ወደ ላቲን ሆሄያት ይቀይረዋል። የተቀየረው ስም ሁልጊዜ የሚጀምረው በኤክስ፣ በኤን እና በሁለት ሰረዝ ነው። ሰርቨሮቹ የሚያውቁት ያንን ነው፤ ሰው የሚያየው ደግሞ አማርኛውን። ከነጥብ እስከ ነጥብ ያለው የስሙ ክፍል ተቀይሮ ከ63 ሆሄ መብለጥ የለበትም። በፊደላችን የተጻፈ ስም ሲቀየር ስለሚረዝም፣ መሥሪያ ቤቶቻችን የሚወዱት ዓይነት ባለ ስድስት ቃል ስም ላይገባ ይችላል።

ሌላም ገደብ አለ። የግዕዝ ቁጥሮች፣ ፩፣ ፪፣ ፫ እያሉ የሚሄዱት፣ በዶሜይን ስም ውስጥ አይፈቀዱም። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። ዩኒኮድ ቁጥሮችን ሲመድብ፣ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ በቤት በቤት የሚጻፉትን ለብቻ አስቀመጠ። የግዕዙ ዜሮ ስለሌለው ከሌላ ምድብ ገባ፤ የዶሜይን ስም ደንብ ደግሞ ያንን ምድብ አያስገባም። ሁለት ነጥቡም አራት ነጥቡም እንደዚሁ አይፈቀዱም። ይህን የማነሳው አንድ ማኅበር ስሙን በግዕዝ ቁጥር አሳምሮ፣ ማኅተም አስቀርጾ፣ ታፔላ ሰቅሎ ከጨረሰ በኋላ "አይመዘገብም" እንዳይባል ነው። ደንባችሁ ይህንን በቀላል አማርኛ ከመጀመሪያው ይናገር።

አሁን ዋናው ጉዳይ ጋ ደረስኩ። ሞክሼ ፊደላት።

ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰ፣ ሠ። አ፣ ዐ። ጸ፣ ፀ። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ሁላችንም ትምህርት ቤት እያለን ተነግሮናል፣ ሁላችንም እንደመሰለን እንጽፋለን። በደብዳቤ ላይ ይህ ምንም አያመጣም። አንባቢው ይገባዋል። ኮምፒውተር ግን አይገባውም። ለኮምፒውተር "ሀ" እና "ሐ" የ"በ"ን እና የ"ተ"ን ያህል የተለያዩ ናቸው።

"ፀሐይ" የሚለውን ስም ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል ፀ ወይም ጸ ነው፤ ሁለት ምርጫ። ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል፤ በአማርኛ ስድስቱም አንድ ድምፅ ናቸው። ሁለት ጊዜ ስድስት፣ 12። አንድ ባለ ሦስት ፊደል ቃል 12 ዓይነት አጻጻፍ አለው፤ እያንዳንዱም በዶሜይን መዝገብ ላይ የተለየ ስም ነው። ከፊቱ "ዓለም" ሲጨመርበት፣ ዓ ደግሞ አ፣ ኣ፣ ዐ ተብሎ ስለሚጻፍ፣ 48 ይደርሳል። ስሟ ዓለምፀሐይ የሆነች ሴት ሱቋን በስሟ ብታስመዘግብ፣ በ47 ሌሎች አጻጻፎች ሌላ ሰው መጥቶ ስሟን ሊይዝ ይችላል። ደንበኛዋ ኪቦርዱ ላይ የትኛውን እንደሚጽፍ በምን ታውቃለች? እኔ ራሴ ጽሑፍ ስጽፍ የማገኘው ኪቦርዱ ቀድሞ ያቀረበልኝን ነው።

ይህንን ወደ ባንክ አምጡት። ዛሬ በኤስኤምኤስ የሚላኩ የማታለያ ሊንኮች ቢያንስ አጻጻፋቸውን አይቶ ማወቅ ይቻላል፤ አንድ ሆሄ ጎድሎ ወይም ተጨምሮ ታገኙታላችሁ። በሞክሼ ፊደል የተሠራ የሐሰት አድራሻ ግን ምንም ስህተት የለበትም። የአማርኛ አንባቢ ትክክል ብሎ ያነበዋል፣ ምክንያቱም ትክክል ነው። እናቶቻችንን "ተጠንቀቁ" ብለን የምናድናቸው ነገር አይደለም።

መፍትሔው ይታወቃል። ለሥር መዝገቡ የተዘጋጀው ዓለም አቀፍ ደንብ ተለዋጭ ፊደላት የሚል ጽንሰ ሐሳብ አለው፤ አንዱ አጻጻፍ ከተያዘ ሌላው ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ ይታገዳል ማለት ነው። ቻይና የቀለለውንና ነባሩን አጻጻፏን በተመለከተ እንዲህ ነው ያደረገችው። የሀገሪቱ ስም በሁለቱም አጻጻፍ የገባ ሲሆን አስተዳዳሪያቸውም አንድ ነው። ነገር ግን የሥር መዝገቡ ደንብ የሚገዛው የመጨረሻውን ክፍል፣ ማለትም "ኢትዮጵያ" የሚለውን ብቻ ነው። ከነጥቡ በፊት የሚመጣውን፣ የዓለምፀሐይን ሱቅ ስም፣ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ማንም ከውጭ መጥቶ አይወስንልንም። ዝም ካላችሁ ደግሞ ዝምታው ራሱ ውሳኔ ይሆናል፦ 48ቱ ስሞች ለ48 ሰዎች።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። አንድ ስም ሲመዘገብ ሞክሼ አጻጻፎቹ በሙሉ ለዚያው ሰው ይቆለፉለት። እንዲሠሩለት ከፈለገ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይከፈቱለት። በእያንዳንዱ አጻጻፍ ገንዘብ ይከፈል ከተባለ፣ ሰው ስሙን ከሌባ ለመጠበቅ ብቻ 48 ጊዜ ሊከፍል ነው። ይህ ገቢ መሆን የለበትም።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ማለፍ አልፈልግም። ፊደሉ የአማርኛ ብቻ አይደለም። በትግርኛ ሀ እና ሐ የተለያዩ ድምፆች ናቸው፣ አ እና ዐም እንዲሁ። ለአማርኛ ተናጋሪ አንድ የሚመስለው ለትግርኛ ተናጋሪ ሁለት ቃል ሊሆን ይችላል። ከአማርኛ ብቻ ተነስተን የምንጽፈው ደንብ የትግርኛ ጸሐፊን ስም ያለ ጥፋቱ ሊያግድበት ነው። እኔ ወደ መቆለፉ አዘነብላለሁ፣ ምክንያቱም ማታለሉ የሚያደርሰው ጉዳት ይበልጣል። ግን ይህን እኔ ወይም አንድ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ብቻውን የሚወስነው አይደለም። ደንቡ ሲረቀቅ የትግርኛ፣ የጉራጊኛ፣ የአዊኛ፣ የኽምጣጋ ጸሐፊዎች በጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጡ። ኤርትራም በዚሁ ፊደል ትጽፋለች፤ የራሷ ዶት ኢአር አላት፤ ከእነሱ ባለሙያዎች ጋር መነጋገር ለሁላችንም ይጠቅማል።

የሀገሪቱን ስምም በሙሉ ጻፉት። "ዶት ኢት" ወይም ሌላ አጭር ነገር ይሻላል የሚል ሰው አይጠፋም። የቡልጋሪያን ነገር ማየት ነው። በሲሪሊክ ያቀረቡት ባለ ሁለት ሆሄ ስም ከብራዚሉ የላቲን ኮድ ጋር ይምታታል ተብሎ በ2010 ተመለሰባቸው፤ እስኪገባ 2016 ድረስ ጠበቁ። "ኢትዮጵያ" ከማንም ጋር አይምታታም።

ወደ ሕጉ ልመለስ። ዶት ኢቲን ሆነ ዶት ኢትዮጵያን የሚይዝ መሥሪያ ቤት ባለቤት አይደለም። ይህ የእኔ አስተያየት አይደለም። የዶሜይን ስሞችን አስተዳደር ከጀመሩት አንዱ የሆነው ጆን ፖስቴል በ1994 የጻፈው፣ እስከ ዛሬም የሀገራት ስሞች አስተዳደር መሠረት ሆኖ የሚጠቀሰው አርኤፍሲ 1591 የተባለ ሰነድ በማያሻማ መንገድ አስቀምጦታል። አስተዳዳሪው ለሀገሩም ለዓለም የኢንተርኔት ማኅበረሰብም ባለአደራ ነው። ስለ መብትና ባለቤትነት መከራከር ቦታው አይደለም፣ ስለ ኃላፊነትና አገልግሎት ማሰብ ነው ተገቢው ይላል። ስም የሚጠይቁ ወገኖችን ሁሉ በእኩል ዓይን ማየት ግዴታው መሆኑንም ጨምሮ ተናግሯል።

ይህ ከእኛ ሕገ መንግሥት ጋር በደንብ ይገጥማል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። የዶሜይን ስም ማን ያገኛል፣ በስንት ብር፣ በምን ማስረጃ፣ በስንት ቀን፣ በምን ምክንያት ይሰረዛል የሚለው ሁሉ አንድ ቦታ ተጽፎ፣ ማንም ሰው ከፍቶ ሊያነበው ይገባል። በአማርኛ። የፌዴራል ሕጎቻችን በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲወጡ፣ ልዩነት ቢፈጠር የሚጸናው የአማርኛው ነው። የዶሜይን ስም ደንብም እንዲሁ ይሁን። አንድ የመርካቶ ነጋዴ ስሙን ያጣበትን ውል በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲያነብ ማስገደድ ልክ አይደለም።

መሰረዝን በተመለከተ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ድረ ገጽ ማለት ዛሬ ጋዜጣ ነው፣ ማኅበር ነው፣ ሱቅ ነው። ስሙን መንጠቅ ደጁን መዝጋት ነው። አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይጠብቃል። ስለዚህ በይዘት ምክንያት ስም የሚሰረዘው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ ይሁን። ለማጭበርበርና ለቫይረስ ማሠራጫ የሚውል ስም በፍጥነት መታገድ አለበት፣ በዚህ አልከራከርም። ያኔም ቢሆን ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥ፣ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ ይኑር፣ ይግባኙን የሚሰማው ያገደው ክፍል ራሱ አይሁን።

የማውቃት ሴት አለች፤ የሀገር ልብስ ታሠራለች። ሸማኔዎቹን ታውቃለች፣ ጥለቱን ራሷ ትመርጣለች፣ ደንበኞቿ ግማሾቹ ዋሽንግተንና ዱባይ ናቸው። ድረ ገጽ ስትከፍት ዶት ኮም ስም ፈለገች። ክፍያው በዶላር ካርድ ነው፤ እሷ የላትም። ዱባይ ያለው ወንድሟ በካርዱ ከፈለላት። አካውንቱ በእሱ ኢሜይል ተከፈተ፣ መዝገቡም ላይ የሰፈረው የእሱ ስም ሆነ። ሁለቱም ይህ ምን ማለት እንደሆነ አላሰቡበትም፤ ማንስ ያስብ ነበር? ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ የማደሻው ማስጠንቀቂያ ወንድሟ ወደተወው ኢሜይል ሄደ። ዶት ኮም ላይ ጊዜው ያለፈበት ስም እስከ 45 ቀን ድረስ መዝጋቢው (ስሙን የሸጠው ድርጅት) ዘንድ ይቆያል፣ ከዚያ በተጨማሪ ክፍያ የሚመለስበት 30 ቀን አለ፣ ከዚያ አምስት ቀን፣ ከዚያ ለማንም ክፍት ይሆናል። ስሙን ሌላ ሰው ገዛው። መልሼ ልሽጥልሽ ብሎ የጠየቃት ዋጋ የማይቀመስ ነበር። ከረጢቷ ላይ፣ መለያ ወረቀቷ ላይ ያለው አድራሻ ዛሬ ከእሷ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በሕግ ደግሞ ከመጀመሪያውም የእሷ አልነበረም። በሌላ ሰው ስም ካርታ የወጣለት ቦታ ላይ ቤት እንደሠራ ሰው ሆነች።

እንዲህ ያለ ታሪክ ብዙ አለ። የሀገር ስም ያለው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። በብር የሚከፈል፣ በቴሌብር የሚከፈል፣ በራስ መታወቂያ የሚመዘገብ፣ የማደሻው መልእክት በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ስልክ ላይ የሚመጣ ስም ያስፈልገናል። ንግድ ፈቃድ ብቻ አትጠይቁ። ደራሲ፣ ሠዓሊ፣ ዕድር፣ የሰፈር የእግር ኳስ ቡድን ንግድ ፈቃድ የለውም፤ ስም ግን ያስፈልገዋል። መዝጋቢዎችም ብዙ ይሁኑ። የዋናውን መዝገብ አስተዳደር አንድ አካል ይዞ፣ ለሕዝብ የሚሸጡት ተወዳድረው የሚያገለግሉ ድርጅቶች ሲሆኑ አገልግሎቱ ይሻሻላል።

የግለሰቦችን መረጃም ጠብቁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2024 ወጥቷል፤ የሚያስፈጽመውም ራሱ የኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስም ያስመዘገበ ሰው ስልክና የቤት አድራሻው ለዓለም ሁሉ የሚታይበት ምክንያት የለም።

ክርክር ሲነሳስ ወዴት ይኬዳል? የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/2006 አለን፤ የንግድ ምልክት ባለቤት በእሱ ሊከራከር ይችላል። ግን የዶሜይን ክርክር በፍርድ ቤት ዓመት ከፈጀ ስሙ ትርጉሙን ያጣል። እነ ዶት ኮም ከ1999 ጀምሮ አንድ ወጥ የክርክር መፍቻ ሥርዓት አላቸው። ከሳሹ ሦስት ነገር ያስረዳል፦ ስሙ ከንግድ ምልክቱ ጋር አንድ ወይም አምታች መሆኑን፣ የያዘው ሰው ሕጋዊ ጥቅም እንደሌለው፣ በክፉ ልቦና አስመዝግቦ እየተጠቀመበት መሆኑን። ሦስቱም መሟላት አለባቸው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ለእኛ አይሆንም። ጄኔቭ ባለው የዓለም የአእምሮ ንብረት ድርጅት አንድ ዳኛ እንዲያይላችሁ 1,500 ዶላር ይጠየቃል። የዓለምፀሐይ ሱቅ ይህንን አትችልም። እዚሁ፣ በብር፣ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች የሚታይ፣ በጽሑፍ ብቻ የሚያልቅ ፈጣን የግልግል ሥርዓት አቋቁሙ። ውሳኔዎቹም ይታተሙ፤ ያለበለዚያ ማንም ከማንም አይማርም።

ደንቡ ሳይጠራ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዶት አፍሪካ ጉዳይ ግማሽ መነሻው አዲስ አበባ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሶፊያ በቀለ የመሠረተችው ዶትኮኔክት አፍሪካ ስሙን ለማስተዳደር ተነሳ። የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን በ2009 የድጋፍ ደብዳቤ ሰጠው፣ በ2010 ደብዳቤውን አነሳ፣ በኋላ የደቡብ አፍሪካውን አመልካች ደገፈ። ማመልከቻዋ ተቋረጠ። ወደ ገለልተኛ ግልግል ሄደች፤ በሐምሌ 2015 ጉባኤው የአይካን ቦርድ የራሱን መተዳደሪያ ሳያከብር ቀርቷል ሲል ወሰነላት። ስሙ ግን በየካቲት 2017 ለደቡብ አፍሪካው አመልካች ተሰጠ። ክርክሩ ወደ ሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2019 አይካን ረታ፣ ይግባኙም እስከ 2021 ዘልቆ ፍርዱ ጸና። ማን ትክክል ነበር የሚለው ላይ ሰዎች አሁንም ይለያያሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የአፍሪካ ስም ክርክር ካሊፎርኒያ ላይ የተቋጨው፣ የድጋፍ ደብዳቤ ማን እንደሚሰጥ፣ ከተሰጠ በኋላ መነሳት ይችል እንደሆነ፣ በምን ሥርዓት እንደሚነሳ አስቀድሞ ጥርት ብሎ ስላልተጻፈ ነው። ለዶት ኢትዮጵያም የመንግሥት ድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ማን ይፈርመዋል? የትኛው መሥሪያ ቤት ነው ተጠሪው? ሦስታችሁም የደብዳቤዬ አድራሻ ላይ የሰፈራችሁት ለዚህ ነው። አንዳችሁ "እኔ ነኝ" በሉ፣ በሕግም ይጻፍ።

ይህን ሁሉ ስል ኦሮምኛን፣ ሶማልኛንና አፋርኛን የረሳሁ እንዳይመስላችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይናገራል፤ መንግሥትም በ2020 ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ በፌዴራል የሥራ ቋንቋነት እንዲጨመሩ ወስኗል። በላቲን ለሚጻፉት ቋንቋዎች ዶት ኢቲ አለ፤ ስማቸው እንዳለ ይገባል። ግን እሱም ሙሉ አይደለም። ቁቤ ውስጥ ሁዻ የምትባለው ጭረት የቃል አካል ናት፣ ዶሜይን ስም ውስጥ ግን አትገባም። ሁዻ ያለበት ስም ሁሉ ተቆርጦ ይመዘገባል፣ ሲቆረጥም ከሌላ ቃል ጋር ሊገጥም ይችላል። ይህም እንደ ሞክሼ ፊደሉ ደንብ ይፈልጋል። ሕንድ የሀገሯን ስም ከ12 በላይ በሆኑ ቋንቋዎቿ አጻጻፍ አስገብታለች። አንዱን ቋንቋ ማስተናገድ ሌላውን መግፋት እንዳልሆነ ከእነሱ ማየት ይቻላል። የክፍያ ዋጋው፣ የአገልግሎቱ ፍጥነት፣ የደንቡ ትርጉም በሁለቱም ስሞች ላይ እኩል ይሁን።

"ሕዝቡ ቴሌግራም ላይ ነው ያለው፣ ማን ዶሜይን ይጠቀማል?" የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ የሱቆቹ ታፔላ ላይ የማየው የቴሌግራምና የቲክቶክ ስም ነው። ግን ያ ስም በኪራይ ነው። ቻናሉ ሲዘጋ የሚጠየቅ አካል እዚህ ሀገር የለም፣ ይግባኙም የሚላከው መልስ ወደማይሰጥ ፎርም ነው። ሕዝቡ ወደዚያ የሄደው ዶሜይን ስለማያስፈልገው አይመስለኝም። እዚያ መግባት ነፃ ነው፣ በአማርኛ ይጻፍበታል፣ ደቂቃ አይፈጅም። የእኛን እንደዚያ አድርጉልንና እዩት።

ስሙ ከመጣ በኋላ እንዲሠራ ደግሞ የመንግሥት ድረ ገጾችና ፎርሞች ሊቀበሉት ይገባል። በፊደላችን በተጻፈ የኢሜይል አድራሻ መላክና መቀበል የሚያስችለው ደረጃ ከ2012 ጀምሮ አለ። ብዙ ፎርም ግን ላቲን ያልሆነ አድራሻ ሲያይ "ልክ ያልሆነ ኢሜይል" ብሎ ይመልሳል። ይህን ማስተካከል ቀላል ነው፣ በግዥ ውል ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር ይበቃል። ለመንግሥት የሚሠራ ማንኛውም ሲስተም በኢትዮጵያ ፊደል የተጻፈ ዶሜይንና ኢሜይል ካልተቀበለ ርክክብ አይፈጸምም ይባል። እኔን የመሰልን ሠራተኞች በሳምንቱ እናስተካክለዋለን።

የምጠብቀው መልስ ረጅም አይደለም። ተጠሪው መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነ፣ የዶት ኢትዮጵያ ጉዳይ የት እንደደረሰ፣ ረቂቅ ደንቡ መቼ እንደሚወጣ በድረ ገጻችሁ ላይ አስታውቁ። ረቂቁ ሲወጣ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ ከሁለት ወር አይነስ፣ የተሰጠው አስተያየትና የሰጣችሁበት መልስም አብሮ ይታተም። የሞክሼ ፊደላቱን ሰንጠረዥ በማዘጋጀት ሥራ ላይ ያለ ክፍያ ለማገዝ ፈቃደኛ ነኝ፤ ይህንኑ የሚሉ የቋንቋም የኮምፒውተርም ባለሙያዎች አውቃለሁ። ጥሪውን አውጡ፣ እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር